የመንገዱን ሰዎች አስገቡልን
(በባቲ ከተማ የቅርስ ክፍል ሲከፈት የቀረበ ንግግር)

አሰላሙ አለይኩም። ጤና ይስጥልን። አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ የባቲ ልጆች፣ ከኮምቦልቻና ከሚሌ የመጣችሁ እንግዶች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ስለ ከተማችን የንግድና የመንገድ ታሪክ አጠር አድርገሽ ተናገሪ ተብያለሁ። እሞክራለሁ። ግን ጠዋት ክፍሉን ገብቼ አይቼዋለሁ። ያየሁትን ሳልናገር ከዚህ አልወርድም።

ባቲ ባሕር የሌላት ወደብ ነበረች። ፊታችን ቆላው ነው፤ ከኋላችን ደጋው ይነሳል። የአፋር ግመል ዳገቱን አይወደውም። የደጋው አህያና በቅሎ ደግሞ የቆላውን ሙቀት አይችልም። ስለዚህ ጭነቱ እዚህ ይወርዳል፣ እዚህ ይለዋወጣል። ከታች ጨው፣ ፍየል፣ ቅቤ ይመጣል። ከላይ ጤፍ፣ ማሽላ፣ በርበሬ ይወርዳል። የሰኞ ገበያችን የቆመው በዚህ ነው። አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አማራውና አርጎባው እዚህ ሜዳ ላይ ይገናኛል፤ ቋንቋ ያነሰው በእጁ ይዋዋላል። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ የመሐል አገሩ ንግድ ወደ ጅቡቲ ሀዲድ ዞረ። የእኛ ግመል ግን መምጣቱን አላቆመም። ወሎ ያለ ጨው አይበላማ!

ከዚያ ጣሊያን ገባ። በወረራው ዘመን የአሰብን መንገድ ወደ ደሴ አወጣው። ለእኛ አስቦ አይደለም፤ ጦሩንና ስንቁን ሊያመላልስበት ነው። እሱ በ1933 ዓ.ም. ተባሮ ሄደ፣ መንገዱ ቀረ። በ1945 ዓ.ም. ኤርትራ በፌዴሬሽን ስትቀላቀል አሰብ የአገራችን ወደብ ሆነ፤ በደጃችንም የከባድ መኪና ዘመን መጣ።

እናቴ በዚህ መንገድ ዳር ምግብ ቤት ነበራት። እዚህ ከተቀመጣችሁት ብዙዎቻችሁ በልታችሁበታል። ኤሊ ውሃ፣ ሚሌ፣ ሰርዶ፣ ዲቾቶ፣ ማንዳ፣ ቡሬ፣ አሰብ። እኔ እነዚህን ስሞች የተማርኩት ከጂኦግራፊ መጽሐፍ ሳይሆን ከሹፌሮች አፍ ነው። ቀን የአፋር በረሃ ጎማ ያቀልጣል ይሉ ነበር። ስለዚህ ፀሐይ በረድ እስኪል እኛ ቤት ይቆያሉ። ረዳቶቹ ተሳቢው ሥር ምንጣፍ አንጥፈው ይተኛሉ። ማታ ኤንትሬው፣ ያ የጣሊያኑ ከባድ መኪና፣ ሲነሳ ብርጭቆዎቻችን መደርደሪያ ላይ ይንቀጠቀጡ ነበር።

እናቴ መጻፍ አትችልም ነበር። የዱቤውን ደብተር የምጽፈው እኔ ነኝ። የሹፌሩን የአባት ስም አታውቅም፤ መኪናውን ግን ታውቃለች። «ቀዩ ኤንትሬ፣ ጥብስ ሁለት፣ ሻይ አራት» ትለኛለች፣ እጽፋለሁ። «ያ መስታወቱ የተሰነጠቀው፣ ምሳ ከነረዳቱ» ትለኛለች፣ እጽፋለሁ። ምን ጭኖ እንደሚሄድ ሁልጊዜ ትጠይቀዋለች፤ እሱንም አስጽፋኛለች። ቡና፣ ሰሊጥ፣ ቆዳ ወደ ታች። ማዳበሪያ፣ ብረት፣ ጨርቅ ወደ ላይ። ለምን እንደምታስጽፈኝ ያኔ አልገባኝም። ለካ የጫነው ካለ፣ ሲመለስ የሚከፍለው ገንዘብ አለ ማለት ነው! ሲመለሱም ይከፍላሉ። ቴምር ይጨምሩላታል፣ ሽርጥ ያመጡላታል።

በ1977 ዓ.ም. ደብተሩ ውስጥ አንድ ቃል ብቻ ነው ያለው። ስንዴ። ስንዴ። ስንዴ። ያንን ዘመን ለእናንተ አልተርክም፤ የባቲ መጠለያ ውስጥ ወገን ያልቀበረ ቤት እዚህ ጥቂት ነው። የዓለም ካሜራ የረሃብተኛውን ፊት ቀርጾ ሄደ። ያንን ስንዴ ከአሰብ መርከብ አውርዶ የተሸከመውን ወዛደር፣ በዚያ በረሃ እንቅልፍ አጥቶ የነዳውን ሹፌር፣ ሌሊት ጎማ የቀየረውን ረዳት ግን ማን ቀረጸው? ማንም!

የአዋሽ ሚሌ መንገድ ሲሠራ የአዲስ አበባው ጭነት በዚያ መሄድ ጀምሮ ነበር። የወሎው ቀርቶልን ነበር። በግንቦት 1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲነሳ አሰብም ተዘጋ። ወረፋ የነበረበት በር ባዶ ሆነ። በእናቴ ደብተር ውስጥ ያልተከፈለ ብዙ ዱቤ አለ። አንዱንም አልሰረዘችም። «ሰዎቹ ሌቦች አይደሉም፣ መንገዱ ነው የተዘጋባቸው» ትል ነበር።

አሁን ወደ ክፍሉ ልመለስ። ጋሻ አየሁ። ጎራዴ አየሁ። የባላባት ካባ አየሁ። ይቀመጡ፣ አልጠላኋቸውም። ግን ባቲን ያቆማት ጎራዴ ነው እንዴ? የግመል ኮርቻ የት አለ? የጨው ሚዛን የት አለ? የሹፌር ፎቶ፣ የተሸካሚ ገመድ፣ የእንጀራ ሻጭ ምጣድ የት አለ? እዚህ ከተማ ለገበያው አንድም ጥይት ያልተኮሰ፣ ግን ዕድሜውን ሙሉ ጆንያ የተሸከመ ሰው ስሙ በየትኛው ግድግዳ ላይ ነው?

ይባስ ብሎ ያለንንም ጥለናል። አንድ መሥሪያ ቤት መጋዘኑን ሲያጸዳ የድሮ የጭነት ወረቀቶችን በኪሎ ሸጠ። እንዴት አወቅሁ? ለውዝ ገዛሁ። የተጠቀለለበትን ወረቀት ስፈታው የታርጋ ቁጥር፣ የጭነት ዓይነት፣ መነሻ አሰብ፣ የሹፌር ፊርማ። ለውዝ ሻጩን ልጅ ሌላውስ የት አለ ብለው «አልቋል እትዬ፣ ጥሩ ወረቀት ነበር» አለኝ። በልጁ አልፈርድም። ቁልፍ ይዞ፣ ደመወዝ እየበላ፣ የእናንተን የአባቶቻችሁን ፊርማ ለለውዝ መጠቅለያ የሸጠውን ግን እፈርድበታለሁ! ስሙን አልጠራም። ቢኖር እዚህ፣ ይስማኝ።

ስለ ዛሬው ብዙ አልልም። የአሰብ ጨው ሲቀር የአፍዴራ ጨው በመኪና ይመጣል። ከአዋሽ ኮምቦልቻ ሐራ ገበያ የሚሄደው የባቡር ሥራ በ2007 ዓ.ም. ተጀመረ፤ ሀዲዱ ኮምቦልቻ ደርሶ ባቡሩን እየጠበቀ ነው። የሚመለከታችሁ ታውቃላችሁ።

የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ሹፌር የነበራችሁ የድሮ መንጃ ፈቃዳችሁን፣ ነጋዴዎች መዝገባችሁን፣ ግመል የነዱ አባቶች ኮርቻቸውን አምጡ። መስጠት ያልፈለገ ያውስ፤ ፎቶ ይነሳና ይመለስለት። መናገር የሚችል አዛውንት ያለው ቤት ደግሞ ወጣቶቹን ይጥራ፤ በስልካቸው ይቅረጹት።

እኔ የእናቴን ደብተር ይዤ መጥቻለሁ። ይኸው። ክቡር ከንቲባ፣ አስረክባለሁ። ግን ቀን የተጻፈበት፣ ማኅተም ያረፈበት ደረሰኝ ዛሬውኑ ይሰጠኝ።