ስሌንግ ቴንግ፦ ከካሲዮ ኦርጋን የወጣው ሪዲም

ሰላም ቤተሰብ፣ መጀመሪያ ይቺን ቤዝ ስሟት።

(ቤዙ ብቻውን ይሰማ)

ስሌንግ ቴንግ ትባላለች፣ ሪዲም ናት። ጃማይካኖች ሪዲም የሚሉት ዘፋኝ ሳይገባበት ያለውን ሙዚቃ፣ ቤዙንና ድራሙን ነው። እና አንድ ሪዲም የአንድ ሰው አይደለም፣ እኛ ጋር ትዝታን ሁሉም የየራሱን ግጥም ይዞ እንደሚዘፍነው በሉት፣ ልዩነቱ እነሱ ያንኑ አንድ ቅጂ ነው ለዚህም ለዛም ዘፋኝ የሚያጫውቱት።

ነገሩ የሚጀምረው ግን ጃፓን ነው። ሂሮኮ ኦኩዳ ከሙዚቃ ኮሌጅ እንደወጣች በ1980 ካሲዮ ተቀጠረች፣ ሬጌ ነፍሷ ነው፣ ኤምቲ 40 ለሚባለው ትንሽዬ ኦርጋን ውስጡ ተቀድተው የሚመጡትን፣ ስትነካው ራሳቸው የሚጫወቱትን ሪትሞች የሠራችው እሷ ናት። ከነዛ ውስጥ አንዷ «ሮክ» የሚል ስም ተሰጣት። ሮክ! እስቲ ይሄ የቱ ጋ ነው ሮክ የሚሆነው?

ኪንግስተን ውስጥ ኖኤል ዴቪ የሚባል ኪቦርዲስት ይሄ ኦርጋን ነበረው፣ ከዘፋኙ ዌይን ስሚዝ ጋር እየነካኩት እያለ ይቺን ሪትም አገኟት፣ ይዘዋት ዋተርሃውስ ሰፈር ፕሮዲውሰሩ ኪንግ ጃሚ ስቱዲዮ ሄዱ፣ ጃሚ ፍጥነቷን ቀነሰ፣ ለዌይን ድምፅ በሚመች ኪይ (የድምፅ ከፍታ) አስተካከላት፣ ፒያኖና ጭብጨባ ጨመረባት፣ አለቀ። ቤዝ ጊታር የለ ድራመር የለ።

ፌብሩዋሪ 23፣ 1985 ጃሚ ከብላክ ስኮርፒዮ ጋር የሳውንድ ሲስተም ፍልሚያ ነበረው፣ ሁለቱም ስፒከራቸውን ደርድረው ማን ሕዝቡን ያስጨፍራል ነው ጨዋታው፣ እና እዛ ስሌንግ ቴንግን ለቀቀባቸው። በቃ ከዛ በኋላ ዘፋኝ ሁሉ እኔም ልዝፈንባት አለ።

የዌይን ስሚዝ ዋናው ነው፣ ጋንጃ ይሻለኛል ኮኬይን አልነካም ነው መልእክቱ። ለኔ ግን ቴነር ሶው ይበልጣል፣ «ፓምፕኪን ቤሊ»ን ስሙት፣ ቤዙ እንደ ማሽን ቀጥ ብሎ ይሄዳል እሱ ደግሞ ከላይ እንደ ለቅሶ ይጎትተዋል፣ ልጁ በ1988 መሞቱን ሳስብ ያናድደኛል። ጆኒ ኦዝቦርን ቀድሞም የታወቀ ዘፋኝ ነው፣ «ባዲ ባይ» ብሎ ዘና ብሎ ገባባት። የጆን ዌይን «ኮል ዘ ፖሊስ»ም አለ፣ ሌላው በመቶ ነው የሚቆጠረው።

በዚህ የተጎዱት እነማን ናቸው ካላችሁ የስቱዲዮ ሙዚቀኞቹ ናቸው፣ አንድ ኦርጋን ከበቃ ባንድ ማን ይከፍላል? የጃሚ አስተማሪ ኪንግ ተቢ ራሱ ዝም አላለም፣ እዛው 1985 ላይ በአንቶኒ ሬድ ሮዝ «ቴምፖ» የራሱን ዲጂታል ሪዲም ይዞ መጣ።

እሺ አሁን ዌይንን፣ ቴነር ሶውን፣ ጆኒን በተከታታይ ላጫውታችሁ፣ የቱ እንደሚበልጥ ኮመንት ላይ ጣሉ፣ ጆኒ የሚል ካለ ግን እንጣላለን።