ወንጌሉ ፎቶ ተነስቷል፣ የአያቶቻችን ድምፅስ?

እንደምን አረፈዳችሁ፣ አባቶች፣ እናቶች፣ እህት ወንድሞቼ። ከደሴ፣ ከውጫሌ፣ ከቢስቲማ የመጣችሁ፣ ከአዲስ አበባም ሌሊት ተነስታችሁ የገባችሁ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ያለ ደመወዝና ያለ አበል ዓመቱን ሙሉ የደከማችሁትን እግዜር ይስጣችሁ፣ አላህ ይስጣችሁ። የዓመቱ ሪፖርት በእጃችሁ ስላለ እሱን አላነብላችሁም። የቆምኩት ለአንድ ጉዳይ ነው፤ የአዛውንቶቻችንን ትዝታ በድምፅ ስለ መቅዳት።

ሐይቅ እስጢፋኖስ ደሴት ነበር። ዛሬ በእግር ይገባል። ውሃው ሸሽቶ ከየብስ ጋር ስለተገናኘ ልጆቻችን ደሴት ነበር ስንላቸው ተረት ይመስላቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ግን ሐይቁ ዳር ሰፍሮ ያየውን ጽፎልናል፤ ደሴቷን፣ ብዙ መነኮሳት ያሉበትን የቅዱስ እስጢፋኖስን ገዳም፣ ሎሚና ትርንጎውን፣ ጉማሬውን ሳይቀር።

የገዳሙን ታሪክ እዚህ ላለ ሰው መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። አባ ኢየሱስ ሞአ በ13ኛው ክፍለ ዘመን እዚህ ወንበር ዘርግተው አስተማሩ። አቡነ ተክለ ሃይማኖት የተማሩት እዚህ ነው። ጣና ላይ ዳጋ እስጢፋኖስን የመሠረቱት አባ ኂሩተ አምላክ ከዚሁ ወጡ። የእኛው የወሎው አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫም የሐይቅ ተማሪ ናቸው። የገዳሙ አለቃ ዓቃቤ ሰዓት ተብሎ ቤተ መንግሥት ውስጥ ቃሉ የሚሰማ ሰው ነበር። ይህ ሁሉ ተጽፏል። አባ ኢየሱስ ሞአ ለገዳሙ የሰጡት ወንጌል 700 ዓመት አልፎት ዛሬም አለ፤ በማይክሮፊልም ተነስቶም ቅጂው አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ውስጥ ተቀምጧል። መጽሐፉን እንጠብቃለን፣ ግድ ነው። ግን ክፉ ቀን ቢመጣ ምስሉ አለ።

የሐይቁ ዳር ሰው የሚያውቀውስ ቅጂው የት ነው? የትም የለም። አዛውንቶቹ ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ነው ያለው።

በዚህ ዓመት ከቀዳናቸው ድምፆች አንዱን ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። እናታችን ዱበርቲ ናቸው። አባታቸው የገዳሙን እህል በታንኳ ያሻግሩ ነበር። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ስለሚነሳ ጠዋት ጠዋት ብቻ ነበር የሚቀዝፉት። ሙስሊሙ አባት ለመነኮሳቱ ሲቀዝፉ፣ እናትየው ደግሞ ዳር ቆመው ታንኳው እስኪመለስ ዱዓ ሲያደርጉ፣ ይህን ሁሉ እናታችን ቡና እየቀዱ ነው የሚያወሩት፤ ስኒው ሲንኳኳ፣ ዶሮው ሲጮህ ሁሉ ገብቷል። ይቆረጥ ያላችሁ ነበራችሁ። እኔ አይቆረጥም ባይ ነኝ፤ ቤታቸው ነዋ!

ሴቶች ገዳሙ ውስጥ አይገቡም። ስለዚህ የደሴቱን ታሪክ ከገዳሙ ብቻ ከቀዳን ግማሹን ነው የምንይዘው። ስንቅ ያሰናዳችው፣ ልጇን ለአብነት ትምህርት ሸኝታ ዳር ላይ የቀረችው እናት የምትናገረው ብራና ላይ የለም። ዓሣ አጥማጁም እንዲሁ ነው። ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ሐይቃችን ውስጥ የተጨመረው በ1970 ዓ.ም. አካባቢ ነው፤ ከዚያ በፊት መረቡ ምን ይዞ ይወጣ እንደነበር የሚያስታውሱ ሰዎች ዛሬ ሽማግሌ ናቸው። ጠይቋቸው እንጂ። ስለ ጉማሬውም ከአያቶቻቸው የሰሙት ካለ ጠይቁልኝ።

በዚህ ዓመት የምለምናችሁ ይህንኑ ነው። እያንዳንዳችሁ በየቅሬያችሁ፣ በየዕድራችሁ ማለቴ ነው፣ አንድ አዛውንት ያዙ። ስቱዲዮ አያስፈልግም፣ ስልካችሁ ይበቃል። ስልኩን ከረከቦቱ ራቅ አድርጉት። መጀመሪያ ፈቃዳቸውን ጠይቁ፣ ከዚያ ስማቸውን፣ ቀዬውንና ቀኑን ተናግራችሁ ጀምሩ። አታቋርጧቸው። ዓመተ ምሕረት ከተምታታባቸው አታርሟቸው፤ «ያኔ ማን ነበር የሚገዛው?» ብትሏቸው ራሳቸው ያገኙታል። ዝም ሲሉም ትንሽ ጠብቁ፣ ዋናው ነገር ብዙ ጊዜ ከዝምታው በኋላ ይመጣል።

ፎቶ ካላቸው እዚያው በስልክ አንሱትና መልሱላቸው። እባካችሁ ላሚኔት አታስደርጉ! ፕላስቲኩ አንዴ ከተጣበቀ ፎቶው ሳይጎዳ አይላቀቅም። መስታወት ላይ የተጣበቀውንም ለመላጥ አትሞክሩ፣ ከነመስታወቱ አንሱት። ጀርባው ላይ ስም መጻፍ ካለባችሁ በእርሳስ፣ ያውም ሳትጫኑ።

የቀዳችሁትን በዚያው ሳምንት አምጡ፤ ስልክ ይጠፋል፣ ይሰበራል። አንዱን ቅጂ ሐይቅ፣ ሌላውን ደሴ፣ ሦስተኛውን አዲስ አበባ እናስቀምጣለን። በ2014ቱ ጦርነት የደሴ ሙዚየም ሲዘረፍ የሆነውን አይተናል። ሁሉንም አንድ ቤት ውስጥ ማስቀመጥ አይሆንም።

ስለ ገንዘቡ ሒሳብ ያዣችን ይነግራችኋል፤ ብዙ አይደለም፣ ለፍላሽና ለትራንስፖርት ግን ይበቃል። የፈቃድ ቅጹ በሩ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ አለ። የምታነጋግሩትን ሰው ቀዬ ጽፋችሁበት ለጸሐፊያችን ስጡ፣ ሁለት ሰው አንድ ቤት እንዳይሄድ። አሁን ወደ ሒሳቡ እንለፍ።