ከስክሪኑ ውጭ የቀሩት ቀንዶች

ጤና ይስጥልኝ፣ አድማጮቼ። ስለ ሰፌዶቹ ዳግመኛ እንደማላነሣ ባለፈው ክፍል ቃል ገብቼ ነበር፤ አማቴም ሰምተው «እስቲ እናያለን» ማለታቸውን ታስታውሳላችሁ። ይኸው አዩ። እንግሊዞችና ዙሉዎች በደቡብ አፍሪካ የተዋጉትን ውጊያ የሚያሳየውን «ዙሉ» የተባለ ፊልም በሁለት የሌዘርዲስክ እትም (ሰፌድ በሚያካክሉት አሮጌ የፊልም ዲስኮች) አከታትዬ ካየሁ ወዲህ አንድ ነገር አልለቅ ብሎኛልና፣ ሐሳቡ በቅጡ ሳይሰክንም ቢሆን መናገሩን መርጫለሁ።

ነገሩ ያለው በኮረብታው ትዕይንት ላይ ነው። ሮርክስ ድሪፍት በተባለው ጣቢያ ያሉት የእንግሊዝ ወታደሮች የበቆሎ ከረጢትና የብስኩት ሣጥን ደርድረው ምሽጋቸውን አበጅተዋል፤ ጠላት ግን አይታይም። አስቀድሞ የሚመጣው ድምፅ ነው፤ ማይክል ኬን የሚጫወተው መኮንንም ከሩቅ የሚሰማ ባቡር ይመስላል ይላል። የጋሻ ድምፅ ነው። ከዚያ በኋላ ባዶ በነበረው የኮረብታ ጠርዝ ላይ ተዋጊዎቹ ብቅ ይላሉ፤ ሰልፉም እየረዘመ ሄዶ ሰማይና መሬት የሚገናኙበትን መስመር ይሞላዋል። ዳይሬክተሩ ሳይ ኤንድፊልድ በዚህ ቦታ አልቸኮለም፤ ዓይናችን ከአንዱ ጫፍ ተነሥቶ እስከ ሌላው ጫፍ እንዲጓዝና በጉዞው ላይ እንዲፈራ ጊዜ ሰጥቶታል።

በአሮጌው ዲስክ ላይ ግን ይህ ጉዞ የለም። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1964 ለዕይታ ሲበቃ ምስሉ ከቁመቱ ከሁለት እጥፍ በላይ የሚሰፋ ነበር፤ አሮጌው እትም ደግሞ የዚያን ዘመን ባለ 4 በ3 ቴሌቪዥን እንዲሞላ ሲባል ግራና ቀኙ የተቆረጠ ነው፤ ከ10 እጅ 4 እጅ ያህሉ ይጠፋል ማለት ነው። ባለሙያዎቹ ፓን ኤንድ ስካን የሚሉት አሠራር ነው፤ አንድ ሰው መሣሪያው ፊት ተቀምጦ፣ ተመልካቹ ከሰፊው ምስል የትኛውን ቁራጭ ማየት እንዳለበት ለእያንዳንዱ ትዕይንት ይወስናል። ያ ሰው ኮረብታው ላይ መሃሉን መረጠ። እኔም በመሃሉ ብዙ ዓመት ኖርሁ።

ሁለተኛው፣ ክራይቴሪየን የተባለው ኩባንያ ያወጣው እትም፣ ሌተርቦክስ ነው፤ ከላይና ከታች ጥቁር ባንድ ትቶ ምስሉን በሙሉ ስፋቱ ያሳያል። በዚህኛው ስመለከት የገባኝ ነገር፣ የተቆረጠው ክፍል ትርፍ መልክዓ ምድር አለመሆኑ ነው። የዙሉዎች የውጊያ ስልት የጎሽ ቀንድ ነው፦ ደረቱ ፊት ለፊት ይገጥማል፣ ሁለቱ ቀንዶች በግራና በቀኝ ዞረው ይከባሉ፣ ወገቡ ከኋላ በተጠባባቂነት ይቆያል። ቀኝ አዝማችና ግራ አዝማች ሲባል እየሰማ ላደገ ጆሮ ይህ ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም። በፊልሙም ውስጥ አዴንዶርፍ የተባለው መኮንን ለእንግሊዞቹ ያስረዳቸዋል። እንግዲህ ጠርዙን የቆረጠው እጅ ቀንዶቹን ቆረጠ፤ የጦሩን ሐሳብ ወስዶ ብዛቱን ብቻ ተወልን። ከረጢት ተደግፎ መሃል ላይ የቆመው እንግሊዛዊ ግን አንድም ነገር አልጎደለበትም።

ይህን ሳስብ ተናደድሁ፤ ንዴቱ ግን ብዙ አልቆየም። ምክንያቱም ዙሉዎቹን በትክክል ያየኋቸው በየትኛው ዲስክ እንደሆነ ራሴን ስጠይቅ መልሱ ተምታታብኝ። የአሜሪካ የቴሌቪዥን ሥርዓት ምስል 480 ያህል የሚታዩ መስመሮች አሉት፤ ሌተርቦክሱ ለጥቁሩ ባንድ ከፍሎ ሲጨርስ ለፊልሙ የሚተርፉት ወደ 270 ገደማ ናቸው። ስለዚህ በሰፊው እትም ኮረብታው ላይ የቆመው ሰው ነጥብ ነው፤ ጋሻ መያዙን የማውቀው ቀድሞ ስለማውቅ ነው። በተቆረጠው እትም ያው ሰው ትከሻ አለው፣ ላባ አለው፣ ወደ ጎን ዞር ብሎ የሚያየው ጓደኛ አለው። ሰፊው እትም ሠራዊቱን ሰጠኝ፤ ጠባቡ ሰዎቹን። ወይም እንደዚያ ይመስለኛል፤ አሮጌው ዲስክ በሌዘር ሮት እየተበላ ስለሆነ፣ ሙጫው አየር አስገብቶ አሉሚኒየሙ ሲበላሽ የሚመጣው ነጭ ነጠብጣብ ልክ በዚያ ጠርዝ ላይ ይረጫልና፣ ጋሻ ያልሁት ብልጭታ ጋሻ ይሁን ዝገት ለይቼ መማል አልችልም። ምስሉን ቀጥ አድርጌ እንዳላጣራም ሁለቱም ዲስኮች አንዱ ገጽ 60 ደቂቃ የሚይዝባቸው ናቸው፤ ሽማግሌው ማጫወቻዬ ደግሞ በእንዲህ ያለ ዲስክ ላይ አቁም ሲባል ምስሉን አጥፍቶ ስክሪኑን ባዶ ያደርገዋል። ያለው ምርጫ ወደ ኋላ መልሶ እንደገና ማየት ነው፤ መለስሁ፣ እንደገና መለስሁ፣ ባለቤቴም ባቡሩ መቼ እንደሚገባ ጠየቀችኝ።

ብሉሬይ ግዛ የሚል መልእክት እንደምትልኩልኝ አውቃለሁ። አለኝ። ያማረ ነው፤ ሁሉም ነገር ይታይበታል። ነገር ግን ጥያቄዬ የምስል ጥራት ቢሆን ኖሮ ይህን ክፍል ባልቀዳሁም ነበር።

ጥያቄዬ ይህን ፊልም የምወደው በየትኛው ወገን ቆሜ ነው የሚለው ነው። ፊልሙ የሚጀምረው ኢሳንድልዋና ላይ ከነበረው የእንግሊዝ ጦር ሰፈር ፍርስራሽ ነው፤ የሮርክስ ድሪፍት ውጊያ በተጀመረበት በዚያው ቀን፣ እ.ኤ.አ. ጥር 22 ቀን 1879፣ ዙሉዎች ከእንግሊዝ ጦር ከ1,300 በላይ ሰው ጥለዋል። ዐድዋ ሊመጣ 17 ዓመት ይቀረዋል። እኔ ግን የድሉን ፍርስራሽ በጥቂት ደቂቃ አልፌ፣ ቀሪውን ሰዓት 150 ለሚያህሉ የተከበቡ ሰዎች ስጨነቅ አመሻለሁ። የዙሉውን ንጉሥ ሴትሽዋዮን የተጫወቱት በእናታቸው ወገን የንጉሡ የልጅ ልጅ ልጅ የሆኑት ማንጎሱቱ ቡቴሌዚ መሆናቸው፣ ይህም ሆኖ የአፓርታይድ መንግሥት ለተዋናዮቹ ከተዘጋጁ ጥቂት ትርኢቶች በቀር ጥቁር ተመልካች ፊልሙን እንዳያይ መከልከሉ፣ ጭንቀቴን ትንሽ አያቀለውም። ያባብሰዋል እንጂ።

መጨረሻ ላይ ደግሞ ያ ሰላምታ አለ። ዙሉዎቹ ኮረብታው ላይ ቆመው የጠላታቸውን ጀግንነት በዜማ ያከብራሉ፤ ተራኪው ሪቻርድ በርተንም የእንግሊዝን ከፍተኛ የጀግንነት ሜዳይ፣ የቪክቶሪያ መስቀልን፣ የተሸለሙትን የ11 ሰዎች ስም ያነባል። በሁለቱም ዲስኮች አምሮበታል፤ በጠባቡ ላይ እንዲያውም ፊቶቹ ስለሚቀርቡ ይበልጥ ይነካል። በታሪክ ግን እንዲህ ያለ ሰላምታ አልነበረም፤ የነበረው፣ ቆስለው ሜዳ ላይ የቀሩ ዙሉዎች ከውጊያው በኋላ መገደላቸው ነው። ይህን የትኛውም እትም አልቆረጠውም፣ ቀድሞውንም አልተቀረጸምና። እንግዲህ ስለ ጠርዝ ይህን ያህል ሰዓት የተጨቃጨቅሁት...

ደግሞ ዜማው ደስ ይለኛል፤ ሐሰት መሆኑን እያወቅሁም ደስ ይለኛል። ይህን ለማን እንደማስረዳ አላውቅም። ለሚቀጥለው ክፍል ስለ ዋተርሎው ፊልም ቃል ገብቼ ነበር፤ እሱ ቢቆይስ? ምክንያቱም የሰላምታውን ክፍል ድምፁን ዘግቼ፣ ፊታቸውን ብቻ በሰፊው እትም ባየው ምናልባት... ሰፊው ላይ ግን ፊት የለም ብያችሁ የለ? እንግዲያው በአሮጌው፣ ነጠብጣቡ ከፈቀደ...