«ካሸነፍን በኋላ እንነጋገራለን»

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንዲት ዓረፍተ ነገር ነው። «ጨረታውን ካሸነፍን በኋላ የሥራ ክፍፍሉ በቅን ልቦና በሚደረግ ድርድር ይወሰናል።» አሥር ቃላት ናት። ከዓመታት በፊት ከአንድ ትልቅ ድርጅት ጋር ተጣምረን ስንጫረት ፈርመንባታል። የድርጅቱን ስም አልጠራም።

የጨረታ ሰነዱ እኛ ያለንን ሙያና እኛ የሌለንን የገንዘብ አቅም በአንድነት ይጠይቅ ነበር። እነሱ የዓመታዊ ገቢ ማስረጃውና የባንክ ዋስትናው አላቸው፤ እኛ ደግሞ ሥራውን አብጠርጥረው የሚያውቁ አራት ሰዎች አሉን። እነሱ ዋና ተቋራጭ፣ እኛ ንዑስ ተቋራጭ ልንሆን ተስማማን። የትብብር ስምምነቱን ጽፈን የጨረስነው በአንድ ከሰዓት በኋላ ነው። ከሁለቱ ገጾች አንዱን የምስጢር ጥበቃ ሞላው፤ ከሌላ ተጫራች ጋር እንዳንሰለፍ የሚከለክለን አንቀጽ ተከተለ። ያቺ ዓረፍተ ነገር ከፊርማው በላይ ተቀምጣለች።

ሦስት ሳምንት እያመሸን የቴክኒክ ሰነዱን ጻፍን። የባለሙያዎቻችን ስም ገባ፤ የቀድሞ ሥራዎቻችን ማስረጃም ተያያዘ። አሸነፍን። እንኳን ደስ ያለን ተባባልን፤ ከዚያ ስልኩ ዝም አለ። ከሁለት ወር በኋላ የመጣልን የዋጋ ሐሳብ የሰዎቻችንን ደመወዝ እንኳ አይሸፍንም። «ድርድር ነው፤ ካልተመቻችሁ ተዉት» አሉን። ተውነው። እኛ በጻፍነው ዘዴ ሥራውን ሌሎች ሠሩት።

ያኔ በራሴ የተናደድኩት «ምነው የድርሻችንን መቶኛ በጻፍን ኖሮ» እያልኩ ነበር። መቶኛም ብቻውን እንደማያድን የገባኝ በኋላ፣ የፍርድ ቤት ውሳኔዎችን ማንበብ ስጀምር ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2013 በአሜሪካ ቨርጂኒያ የሚገኝ የፌደራል ፍርድ ቤት ሳይበርሎክ የተባለ ድርጅት ያቀረበውን ክስ ተመልክቶ ነበር። ከዋና ተቋራጩ ጋር የፈረመው ስምምነት 51 ለ49 የሚል የሥራ ክፍፍል ነበረው። ሆኖም ሰነዱ ዝርዝሩን ወደፊት ለሚፈረም የንዑስ ተቋራጭ ውል ስለተወው፣ ፍርድ ቤቱ «ለመስማማት የተደረገ ስምምነት ነው፤ አያስገድድም» አለ። በ2016 የቨርጂኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም ናቫር በተባለው ድርጅት ጉዳይ ተመሳሳይ መንገድ ተከተለ። እኛ ላም አለኝ በሰማይ እንላለን፤ ዳኞቹ ይህንኑ በብዙ ገጽ ጻፉት።

ታዲያ ምን ሊጻፍ ይችል ነበር? እኔ ዛሬ ከሁሉ በፊት የምጠይቀው የንዑስ ተቋራጩ ውል ረቂቅ ራሱ ከስምምነቱ ጋር እንዲያያዝ ነው። የትኛው ሥራ የማን እንደሆነ፣ ዋጋው ወይም ዋጋው የሚሰላበት ቀመር፣ አሠሪው የሥራውን መጠን ከቀነሰ የማን ድርሻ በምን ያህል እንደሚቀነስ። የመጨረሻውን ሁሉም ይረሳዋል፤ ጠቡ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ይነሳል። ከሌላ ተጫራች ጋር መሰለፍን የሚከለክለው አንቀጽም ማብቂያ ቀን ይኑረው፤ ጨረታው ተሰርዞም ታስረው የሚቀሩ አሉና። ምስጢር ጥበቃው እንደሆነ ማንም አይረሳውም።

በሽርክና የሚጫረቱ ሰዎች ጣጣ ደግሞ ከዚህ ይለያል። በዓለም ባንክ ገንዘብ በሚሠሩ ጨረታዎች የሽርክናው አባላት በአንድነትም በተናጠልም ተጠያቂ ናቸው፤ አንዱ ሥራውን ጥሎ ቢሄድ አሠሪው ሌላውን ለሙሉው ሥራ ይይዘዋል። ሽርክናው ገና በሕግ ካልተቋቋመ የጨረታ ማስከበሪያው፣ ማለትም ተጫራቹ ከጨረታው እንዳይሸሽ የሚያስይዘው ዋስትና፣ በወደፊት አባላቱ ሁሉ ስም መውጣት አለበት። በአንድ አባል ስም ብቻ አስወጥቶ መምጣት የብዙ ሌሊት ድካምን በመክፈቻው ቀን ከንቱ ሊያስቀር ይችላል።

አሁን ለመናገር ወደሚከብደኝ ልምጣ። ከጊዜ በኋላ እኛም አደግን፤ በአንድ ጨረታ ዋና ተቋራጭ ሆነን አንዲት ትንሽ ድርጅት ፈለግን። ረቂቁን የጻፍኩት እኔ ነኝ። የድርጅቱ ባለቤት ወጣት ሴት ናት፤ አንብባ ጨርሳ ቀና አለችና «ይቅርታ፣ ‹ካሸነፍን በኋላ› ሲሉ መቼ ማለትዎ ነው?» አለችኝ። ወረቀቱን ተቀብዬ አየሁት። ያቺው ዓረፍተ ነገር ናት፤ አንድ ቃል እንኳ አልተለወጠም።

ክፋት አስቤ አልነበረም። ጊዜ አልነበረኝም፤ ቁጥር ብጠራ ደግሞ በኋላ የሚጎዳኝ መሰለኝ፤ ስለ ገንዘብ ማንሳትም ገና በመተዋወቂያው ቀን አለማመን ሆኖ ታየኝ። ያ ትልቅ ድርጅት በጊዜው ያሰበው ከዚህ የተለየ ስለመሆኑ እርግጠኛ አይደለሁም። ይህን ለራሴ ማመኑ ከተከለከልኩት ሥራ በላይ ከብዶኛል።

ያን ምሽት እስከ አምስት ሰዓት ተቀምጠን ሥራውን በሠንጠረዥ ከፋፈልነው። ሁለት ጊዜ ተቆጣን፤ አንድ ጊዜ ቦርሳዋን አንስታ ነበር። ጨረታውን አላሸነፍንም። ሠንጠረዡን ግን ለሚቀጥለው ጨረታ አወጣነውና ሁለት መስመር ብቻ ቀየርንበት፤ ሁለቱንም ያስቀየረችው እሷ ናት።