ሥራ ፈት ካርድ

ሰላም ለእናንተ ይሁን፤ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬም የማናግራችሁ ከአዳማ ነው።

ጌም መጫወቻ ኮምፒውተር ለመገጣጠም ያሰበ ሰው ሲያገኘኝ የመጀመሪያ ጥያቄው «የትኛው ግራፊክስ ካርድ ይሻለኛል?» ነው። እኔ ደግሞ መልሼ የምጠይቀው ስለ ሞኒተሩ ነው። ባለ 1920 በ1080 ሞኒተር ላይ ያሉት ነጥቦች ሁለት ሚሊዮን ገደማ ናቸው፤ ፎር ኬ የሚባለው ግን ከስምንት ሚሊዮን በላይ፣ አራት እጥፍ አለው። ካርዱ እያንዳንዷን ነጥብ በቀለም መሙላት አለበት። ሞኒተሩ 60 ኸርዝ ከሆነ ደግሞ ኮምፒውተሩ በሰከንድ 150 ምስል ቢያወጣም ስክሪኑ የሚታደሰው 60 ጊዜ ብቻ ነው። ምን ያህል ጉልበት መግዛት እንዳለብን የሚነግረን ስክሪኑ ነው፤ የቀረው ዕቃ ሁሉ ለእሱ ይታዘዛል።

ቀጥሎ የሚመጣው ፕሮሰሰሩ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ካርዱ አንድ ምስል ከመሳሉ በፊት ተጋጣሚው የት እንደቆመ፣ ኳሱ ወዴት እንደሚነጥር የሚያሰላው ፕሮሰሰሩ ነው። በሰከንድ 60 ምስል ለማግኘት ለአንዱ ምስል ያለን ጊዜ 16.7 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። ፕሮሰሰሩ ለስሌቱ 25 ሚሊሰከንድ ከፈጀ፣ የፈለገው ዓይነት ካርድ ቢገጠም ከ40 ምስል አያልፍም። በአንድ ቀንበር የተጠመዱ በሬዎች የሚሄዱት በደካማው እርምጃ ነው።

በቅርቡ አንድ የሰፈራችን ወጣት ኮምፒውተሩን ተሸክሞ መጣ። «ጋሼ፣ ካርዱ የተበላሸ ይመስለኛል» አለኝ። የያዘው ባለ 12 ጊጋባይት አርቲኤክስ 3060 ነው፤ ጥሩ ካርድ። የተሰካው ግን ከቢሮ በወጣ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ነው፤ ፕሮሰሰሩ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው፣ ባለ አራት ኮሩ (አራት የስሌት ክፍሎች ያሉት) ኮር አይ 7 4770። ጌሙን ከፍተን ከጎኑ ፕሮሰሰሩና ካርዱ ምን ያህል እየሠሩ እንደሆነ የሚያሳየውን የታስክ ማናጀር መስኮት አስቀመጥን። ባዶ ሜዳ ላይ ሲሄድ ሁሉም ሰላም ነው። ሰው የሚተራመስበት ከተማ ውስጥ ሲገባ ግን ፕሮሰሰሩ 100 በመቶ ላይ ተሰቀለ፤ ካርዱ ወደ 40 በመቶ ወረደ፤ ምስሉም መቆራረጥ ጀመረ። ካርዱ አልተበላሸም፤ ትእዛዝ እየጠበቀ ሥራ ፈትቷል።

ያንገበገበኝ ሲሸጡለት የነገሩት ነገር ነው፤ «ኮር አይ ሰቨን ነው፣ ከዚህ በላይ የለም» ብለውታል። 7 ቁጥር በራሱ ትውልድ ውስጥ ያለውን ደረጃ እንጂ ዕድሜውን አይናገርም። ዕድሜው ያለው ከኋላ በሚከተለው ቁጥር ላይ ነው፤ 4770 አራተኛ ትውልድ ነው፣ 12400 አሥራ ሁለተኛ። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ባለ ስድስት ኮሩ ኮር አይ 5 12400 ያንን አሮጌ አይ 7 በሰፊ ልዩነት ይቀድመዋል። ልጁ የከፈለው ከደሞዙ እየቆነጠረ ያጠራቀመውን ነው። እንዲህ ያለ ገንዘብ የሚቀበል ነጋዴ ሙሉውን ቁጥር የመንገር ግዴታ አለበት ብዬ አምናለሁ።

ካርዱን እንዳይሸጠው ነገርኩት። ማዘርቦርዱ (ዕቃዎቹ ሁሉ የሚሰኩበት ሰሌዳ)፣ ፕሮሰሰሩና ራሙ (ጊዜያዊ ማስታወሻው) አንድ ላይ ይቀየሩ፤ 12400 ወይም ራይዘን 5 5600 የሚባለው ፕሮሰሰር ከዚህ ካርድና ከ60 ኸርዝ ሞኒተሩ ጋር በደንብ ይሄዳል። ራሙ 16 ጊጋባይት ይሁን፤ ግን አንድ ባለ 16 ሳይሆን ሁለት ባለ 8፣ ፕሮሰሰሩ በሁለት መስመር እንዲያነብ። ጌሙ የሚቀመጥበት ፈጣን ማከማቻ፣ ኤስኤስዲ፣ ጌሙ ቶሎ እንዲከፈት ያደርጋል፤ የምስሉን ብዛት ግን እምብዛም አይጨምርም፤ ውዱን ማሳደድ አያስፈልግም።

ለዕቃዎቹ ሁሉ ኤሌክትሪክ በሚያከፋፍለው ፓወር ሳፕላይ ላይ ግን አልደራደርም። የልጁን ኬዝ ፈትተን ስናየው ፓወር ሳፕላዩ ላይ በትልቁ 600 ዋት ተጽፏል። ታች በደቃቁ ደግሞ የ12 ቮልቱ መስመር 25 አምፔር ይላል። 12ን በ25 አባዙት፤ 300 ዋት። ካርዱና ፕሮሰሰሩ በዋናነት የሚመገቡት ከዚህ መስመር ነው፤ ካርዱ ብቻውን እስከ 170 ዋት ይወስዳል። ለ3060 አምራቹ ራሱ የሚመክረው ባለ 550 ዋት ፓወር ሳፕላይ ነው። ጥራቱ የወረደ ፓወር ሳፕላይ ሲቃጠል ማዘርቦርዱንም ካርዱንም ይዞ ሊሄድ ይችላል። መብራት በሚቆራረጥበት ቤት ደግሞ መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ጊዜ የሚያቆየው ባትሪ፣ ዩፒኤስ፣ ከበጀቱ መጀመሪያ ላይ ይያዝ፤ ለእሱ ሲባል ካርዱ አንድ ደረጃ ቢወርድ ይሻላል።

እኛ የአዳማ ሰዎች ሙቀትና አቧራም አለብን። የነፋስ ኃይል ማመንጫዎቹ እዚህ የተተከሉት በከንቱ አይደለም። ነፋሱ የሚያነሳው አቧራ የማቀዝቀዣውን ክንፎች ሲደፍን ካርዱም ፕሮሰሰሩም ይግላሉ፤ ሲግሉም ራሳቸውን ለማዳን ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ። ተመጣጥኖ የተገዛው ኮምፒውተር ቀትር ላይ ሚዛኑን የሚያጣው በዚህ ነው። ፊቱ በመስታወት የተዘጋ ኬዝ ያምራል፤ እዚህ አገር ግን አልመክረውም። አየር የሚያስገባ፣ የአቧራ ማጣሪያው ወጥቶ የሚታጠብ ፈልጉ።

በሚቀጥለው ክፍል የእናንተን ኮምፒውተሮች አብረን እናያለን። የፕሮሰሰራችሁን ሙሉ ቁጥርና የፓወር ሳፕላያችሁን ተለጣፊ ፎቶ ላኩልኝ፤ ፎቶው ላይ የ12 ቮልቱ መስመር ይነበብ።