ሕያው ፌንጣ የማትጠይቅ እንቁራሪት ፍለጋ

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ፣ እንደምን ከረማችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ከምሽቱ አራት ሰዓት ተኩል ሆኗል፣ ልጄ ተኝታለች። የማወራችሁም ስለ እሷ እንቁራሪቶች ነው።

ዘጠኝ ዓመቷ ነው። አምና ልደቷ ሲቃረብ "እማዬ፣ እንቁራሪት ግዢልኝ" አለችኝ። ውሻ ብትለኝ ምክንያት ነበረኝ፤ እዚህ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ የምንኖረው አፓርትመንት ውስጥ ነው። ለእንቁራሪት ግን ምን ብዬ እምቢ ልበል? እናቴ ከአዲስ አበባ በስልክ ሰምታ "ጓጉንቸር እኮ የፈርዖን መቅሰፍት ነው፣ እንዴት ቤት ታስገቢያለሽ!" ብላ ደነገጠች።

እኔን ያስጨነቀኝ ግን ምግቡ ነው። የቤት እንስሳት መሸጫ ሄደን ሻጩ አንዲት አረንጓዴ የዛፍ እንቁራሪት አሳየን፤ ቀጥሎም ፌንጣ የሞላበት ሣጥን አምጥቶ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። እግራቸው ካርቶኑን ሲቧጥጥ መዳፌ ላይ ይሰማኛል። መልሼ ሰጠሁት። ፌንጣ ተጸይፌ አይደለም፤ አያቴ ጋ ገጠር ስከርም ፌንጣ ስናባርር ነው የምንውለው። ያቃተኝ ሊያመልጥ የሚታገል ነገር በየሁለት ቀኑ በወረንጦ ይዞ ማቀበሉ ነው።

ታዲያ ቤት ገብቼ ማንበብ ስጀምር የጠየቅሁት ጥያቄ "እንቁራሪት የሞተ ነገር እንድትበላ እንዴት ላስለምዳት?" የሚል ነበር። ጥያቄው ራሱ ስህተት እንደነበረ የገባኝ ቆይቶ ነው። አብዛኞቹ እንቁራሪቶች ምግብ የሚያውቁት በእንቅስቃሴው ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 ኤምአይቲ የሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የእንቁራሪትን ዓይን መርምረው ዓይኗ ራሱ ትናንሽ ተንቀሳቃሽ ነገሮችን ለይቶ ለአንጎሏ እንደሚነግር አሳይተዋል። ምግቡ ካልተንቀሳቀሰ ዙሪያዋን ቢከመር እንኳ ትራባለች። ግትር ሆና አይደለም፣ ለእሷ ምግብ የሚባለው የሚንቀሳቀሰው ነገር ስለሆነ ነው።

ፓክማን የሚሏት፣ አፏ የገላዋን ግማሽ የምታህለው የደቡብ አሜሪካ እንቁራሪት አለች። ለእሷ በውሃ የሚለወስ የዱቄት ምግብ ይሸጣል፤ ድቡልቡል አድርገው በወረንጦ ፊቷ ላይ ሲያወዛውዙት ሕያው መስሏት ትውጠዋለች። ብዙ ሰው ተሳክቶለታል። እኔ ግን "አልበላም ያለች ዕለትስ?" አልኩ። ያን ዕለት ወደ ፌንጣው ሣጥን መመለስ ግዴታዬ ነው። እኔ ስለማልወድ እሷ ልትራብ አይገባም።

ፍለጋዬ ያለቀው ምላስ የሌላቸው እንቁራሪቶች ጋ ስደርስ ነው። አዎ፣ ምላስ የላቸውም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ውሃ ውስጥ ይኖራሉ፣ ምግብን በማሽተት ያገኙታል፣ በፊት እጃቸው ወደ አፋቸው ይገፉታል። ስለዚህ የሞተ ነገርም ሆነ ፔሌት የሚሉት ደረቅ የተድቦለቦለ ምግብ ለእነሱ ያው ምግብ ነው፤ ማታለል አያስፈልግም።

ሰው ቤት የሚይዛቸው በአብዛኛው ሁለት ዓይነት ናቸው። ባለጥፍሯ፣ ዜኖፐስ የምትባለው፣ ዘመዶቿ በእኛም አገር ደጋ ውሃዎች ውስጥ የሚኖሩ ናት። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የእርግዝና ምርመራ የሚደረገው በእሷ ነበር፤ የሴትየዋ ሽንት ተወግታ በሰዓታት ውስጥ እንቁላል ከጣለች ሴትየዋ አርግዛለች ማለት ነው። ነገር ግን ትልቅ ትሆናለች፣ ከ15 ዓመት በላይም ልትኖር ትችላለች። ውጭ ከተለቀቀች ደግሞ ያገኘችውን ትበላለች፤ ሳን ፍራንሲስኮ ጎልደን ጌት ፓርክ ኩሬ ውስጥ ተባዝታ ብዙ አስቸግራለች። የፖቶማክን ወንዝ ተሻግራችሁ ቨርጂኒያ ያላችሁ ያለ ፈቃድ መያዝ አትችሉም፣ እባካችሁ ልብ በሉ።

ሁለተኛዋ የአፍሪካ ድንክ እንቁራሪት ናት፣ የአውራ ጣት ያህል። ሁለት ወሰድን፤ ብቻዋን መኖር አትወድምና።

መጀመሪያ አጠፋሁ። ከዓሣ ጋር አንድ ላይ አደረግኋቸው። ዓይናቸው ደካማ፣ አበላላቸው ዝግ ያለ ነው፤ ዓሦቹ ቀድመው ይጨርሱባቸዋል። በሦስተኛው ሳምንት አንደኛዋ ጎኗ ሰርጉዶ ሳይ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። በማግስቱ 10 ጋሎን የሚይዝ የራሳቸውን አኳሪየም ገዛሁ፣ ከነክዳኑ፤ ካመለጡ ደርቀው ይሞታሉና። የቧንቧውን ውሃ ክሎሪን በሚያጠፋ ፈሳሽ ሳናክም አንጨምርም።

አሁን ልጄ ናት የምታበላቸው። ከፍሪዘር ምግባቸው የሆኑትን በረዶ የሠሩ ቀያይ ትሎች ታወጣለች፣ በሻይ ብርጭቆ ውሃ ታሟሟቸዋለች፣ በረጅም ጠብታ መጣያ ይዛ እንቁራሪቷ አፍንጫ ሥር ቀስ ብላ ትለቃለች። ለአፍታ ምንም የለም። ከዚያ ሽታው ሲደርሳት ትነቃለች፣ ትወረወራለች፣ ትስታለች፣ ደግማ ትወረወራለች፤ ከዚያ በሁለት እጆቿ ልክ ጉርሻ እንደተቀበለ ልጅ ወደ አፏ ትገፋዋለች። ልጄ እስክትውጥላት ትንፋሿን ይዛ ነው የምታየው። ስትጨርስ እጇን በሳሙና ታጥባለች፤ በዚህ ላይ አልደራደርም። እ.ኤ.አ. ከ2008 እስከ 2011 አሜሪካ ውስጥ በእነዚሁ ድንክ እንቁራሪቶች ምክንያት በ44 ግዛቶች 376 ሰው ሳልሞኔላ የሚባል ሆድ የሚያሳምም ባክቴሪያ ይዞታል፣ አብዛኞቹም ሕፃናት ናቸው።

አንድ ቀን ትሎቹ ሲሟሙ እያየች "እማዬ፣ እነዚህስ በሕይወት አልነበሩም?" አለችኝ። ነበሩ። የዝንብ ዓይነት እጮች ናቸው። ያስጨነቀኝ ሲታገሉ በእጄ መያዙ እንጂ ጨርሶ ምንም እንዳይሞት ማድረግ እንደማልችል ነገርኳት። ዝም ብላ አሰበችና "እሺ፣ እንግዲያው አንድም አናባክን" አለች። ከዚያን ቀን ወዲህ እየቆጠረች ነው የምታወጣው።

ወንዱ ማታ ማታ ይዘምራል፤ ውሃው ውስጥ ሆኖ፣ ከሩቅ እንደሚሰማ የንብ ድምፅ። ይኸው አሁንም ጀምሯል። ማይኩን መስታወቱ ላይ ላስጠጋላችሁ... ተሰማችሁ?