ስለ ምጣዱ ሲባል፦ አንዱ ትዳር ለምን ይጸናል፣ ሌላው ለምን ይሰነጠቃል?

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ ስለ ምጣድ እናወራለን። አዎ፣ ስለ ምጣድ። ትዳር የሚለውን ርዕስ አይታችሁ የገባችሁ አትውጡ፤ በምጣዱ በኩል አድርገን እንደርሳለን።

እናቴ አዲስ ምጣድ የገዛች ቀን ምሳ ይዘገይ ነበር። ምጣዱ መጀመሪያ መሟሸት አለበት። እሳት ላይ ይጣዳል፣ ጎመን ዘር ይነሰነስበታል፣ በጨርቅ ይታሻል። ጭሱ ዓይን ያቃጥላል። እንደገና ይነሰነሳል፣ እንደገና ይታሻል። ከዚያ የመጀመሪያው እንጀራ ይጋገራል። ይጣበቃል። ሁልጊዜ ይጣበቃል! ሁለተኛው ጠርዙ ይቀራል። ሦስተኛው ዓይን አውጥቶ፣ ደስ ብሎን እያየነው፣ ሲነሳ መሀሉ ይቀደዳል። እናቴ ግን አንድም ቀን «ይህ ምጣድ አይረባም፣ ለገበያተኛዋ መልሱላት» ብላ አታውቅም። «ገና አልተሟሸም» ብቻ ነው የምትለው። የተቀዳደደውን እኛ ልጆቹ በበርበሬ እንበላዋለን፤ እውነቱን ለመናገር ከደህናው እንጀራ ይልቅ እርሱ ይጣፍጠን ነበር።

ምጣዱ ከተሟሸ በኋላስ አለቀ? አላለቀም። ማሰሻ አለ። ከእያንዳንዱ እንጀራ በፊት ማሰሻው በምጣዱ ላይ ያልፋል። አንድ እንጀራ፣ አንድ ማሰሻ። አንድ እንጀራ፣ አንድ ማሰሻ። «ትናንት አስሼዋለሁ፣ ዛሬ ይቅር» አይባልም። ሥራው ትንሽ ነው፣ ሦስት ሰከንድ ቢፈጅ ነው፣ እንግዳ አያየውም፣ ማንም አያመሰግንበትም። ሲቀር ግን ወዲያው ይታወቃል።

አሁን ወደ ሲያትል እንሂድ። እዚያ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ተመራማሪው ጆን ጎትማን መኖሪያ ቤት የመሰለ ቤተ ሙከራ ነበረው። አዲስ ተጋቢዎች ገብተው ቀኑን እንደ ቤታቸው ያሳልፋሉ፤ ካሜራ ይቀርጻቸዋል። ምን ታየ መሰላችሁ? ትልልቅ ነገር አይደለም። ባል በመስኮት እያየ «ዝናቡ ሊመጣ ነው» ይላል። ሚስት ወይ ቀና ብላ «ልብሱን ላስገባ?» ትላለች፣ ወይ ዝም ትላለች። ይኸው ነው። ጎትማን እንዲህ ያለውን ነገር እንደ ጥሪ ይቆጥረዋል። ስለ ዝናብ የተነገረ ይመስላል እንጂ ትርጉሙ «አለሁ፣ አለሽ ወይ?» ነው። ከ6 ዓመት በኋላ ጥንዶቹ ሲጠየቁ በትዳር የቆዩት በቤተ ሙከራው ውስጥ ከጥሪዎቹ 86 በመቶ ለሚሆኑት ምላሽ ሲሰጡ የነበሩት ሆነው ተገኙ። የተፋቱት ግን ምላሽ ይሰጡ የነበረው ለ33 በመቶው ብቻ ነበር።

ማሰሻ! ማሰሻ ነው ይህ! ይህን ቁጥር ያነበብሁ ዕለት ስልኬን አስቀምጬ ባለቤቴን «ቅድም ምን አልሽኝ?» አልኋት። «ቅድም አይደለም፣ ማክሰኞ ነው» አለችኝ።

ሌላውን በፍጥነት ልበለው፤ አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። ጎትማን ትዳርን የሚያፈርሱ አራት ነገሮች አሉ ይላል፦ ድርጊቱን ትቶ ሰውየውን መንቀፍ፣ ንቀት፣ ጥፋትን አለመቀበል፣ ጆሮ ዳባ ልበስ ማለት። ከአራቱ የከፋው ንቀት ነው። «ለምን ዘገየህ?» ጥያቄ ነው፤ ከንፈርን አጣሞ «ከአንተስ ምን ይጠበቃል» ማለት ንቀት ነው። አራተኛው ከእኛ ኩርፊያ ጋር ይመሳሰላል፣ ግን አንድ አይደለም። ኩርፊያ ብዙ ጊዜ ቅጣት ነው፤ ያኛው ግን የልብ ምቱ በደቂቃ ከ100 በላይ ሆኖ ጆሮው መስማት ያቆመ ሰው ዝምታ ነው። መድኃኒቱ ቢያንስ የ20 ደቂቃ እረፍት ነው፤ በረንዳ ላይ ቆሞ የመልስ ምት እያዘጋጁ ሳይሆን፣ በእውነት ማረፍ። ደግሞ ሲጨቃጨቁም ቢሆን የጸኑት ጥንዶች ለ1 ክፉ ቃል 5 ደግ ነገር አላቸው፤ ፈገግታም ይቆጠራል።

«ጎትማን 15 ደቂቃ አይቶ ማን እንደሚፋታ ያውቃል» የሚለውን ግን ተዉት። የመጀመሪያዎቹ ስሌቶች የተሠሩት ማን እንደተፋታ ከታወቀ በኋላ ነው። ጨዋታው ካለቀ በኋላማ እኔም ውጤት እተነብያለሁ።

አንድ ቁጥር ግን አይለፈኝ። በጎትማን ጥናት ጥንዶች ከሚጋጩባቸው ጉዳዮች 69 በመቶ የሚሆኑት ፈጽሞ አይፈቱም። እርሱ ገንዘብ ይቆጥባል፣ እርሷ ትለግሳለች፤ በ20 ዓመታቸውም ያው ነው። ታዲያ አባቶቻችን ምን አሉ? «ስለ ምጣዱ ሲባል አይጧ ትለፍ።» አይጧ ምጣዱ ላይ ናት፣ ዱላውም በእጅህ ነው። ብትመታት አይጧ ታመልጣለች፣ ምጣዱ ይሰበራል። (ይህን ስል ግን ዱላ የሚነሳበትን ቤት «እለፊው» ማለቴ አይደለም። እዚያ ቤት አይጧ ሳትሆን ሴትየዋ ናት የምትመታው። ምጣዱ ይቅር፤ ሰው ይትረፍ።)

አሁን ዛሬ ልነካው ያላሰብሁት ነገር። ባለፈው ቪዲዮ ሥር አንድ ተመልካች «በድሮ ጊዜ እኮ ፍቺ አልነበረም፤ ፍቺን ያመጣው ስልክና የሴቶች ደመወዝ ነው» ብሎ ጻፈ። ብዙ ሰው ወደደለት። እኔም አንድ ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ።

ፍቺ አልነበረም? ዳና ቲልሰንና ኡላ ላርሰን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1990 በኢትዮጵያ የተሰበሰበ የቤተሰብ ጥናት መረጃን ተንትነዋል። ዓመተ ምሕረቱን ልብ በሉ፤ ደርግ ገና አልወረደም፣ የእጅ ስልክ በአገሩ የለም። ከመጀመሪያ ጋብቻዎች ውስጥ በ30 ዓመት ጊዜ 45 በመቶው በፍቺ የሚያበቃ ሆኖ አገኙት። አርባ አምስት! ከተፋቱት ሴቶች ደግሞ ሁለት ሦስተኛው የተፋቱት በመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት ነው።

ጥናቱንም ተዉት፤ ቋንቋችንን ጠይቁት። የቁርባን ጋብቻ፣ የሰማንያ ጋብቻ፣ የደሞዝ ጋብቻ እንላለን። የቁርባኑ አይፈርስም። የሰማንያው በሽማግሌ ፊት ንብረት ተካፍለው ሊፈርስ ይችላል። የደሞዙ ከመነሻውም በክፍያና በጊዜ የታሰረ ነው። ፍቺ የማያውቅ ሕዝብ ጋብቻውን በአፈራረሱ ከፋፍሎ ስም ያወጣለታል? የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግስ ፍቺ የሚወስኑ የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎችን የደነገገው ሥራ ስላልነበራቸው ነው?

እሺ፣ ያኔ ያፋታ የነበረው ምንድን ነው? ሁለቱ ተመራማሪዎች ጎላ አድርገው ያሳዩት ያለ ዕድሜ ጋብቻንና ልጅ ማጣትን ነው። እዚህ ላይ ምጣዴን ላንሳ። ሸክላ ሠሪዋ ጭቃውን ቅርጽ ካስያዘች በኋላ ታደርቀዋለች። ሳይደርቅ እሳት ውስጥ ከገባ ይፈነዳል። ያለ ዕድሜዋ የተዳረች ልጅ ገና እርጥብ ናት። ወደ አባቷ ቤት ሮጣ ስትመለስ «ትዳር አልበረከተላትም» አሏት፤ ያላደረቃት ማን እንደሆነ አልጠየቁም። የ1952ቱ ሕግ እንኳ ለሴት ልጅ 15 ዓመት ይበቃል ይል ነበር። 18 ያደረገው የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ይህ አንቀጽ ከብዙ የትዳር ምክር ይበልጣል። የእኛንም ቪዲዮዎች ጨምሮ።

እ.ኤ.አ. በ1995 ቤንጃሚን ካርኒና ቶማስ ብራድበሪ የተባሉ የሥነ ልቦና ሊቃውንት ነገሩን በሦስት ከፈሉት፦ ሰው ይዞት የሚመጣው ድክመት፣ ከውጭ የሚመጣ ጫና፣ ጥንዶቹ ጫናውን የሚይዙበት መንገድ። ሸክላው፣ እሳቱ፣ የጋጋሪዋ እጅ በሉት። እኛ ስንማከርም ስንፈርድም እጁን ብቻ ነው የምናየው። ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ያለ አንድ የእኛ ቤት አስቡ። እርሱ ሌሊት ታክሲ ይነዳል፣ እርሷ ቀን አረጋውያን ትንከባከባለች፣ የሚገናኙት ደረጃ ላይ ቁልፍ ሲቀባበሉ ነው። እናት የለች፣ ጎረቤት የለ፣ የሚያስታርቅ ዘመድ በስልክ ነው። «ዝናቡ ሊመጣ ነው» ቢል የሚሰማው ማን ነው? እነዚህን ሰዎች «ፍቅራችሁ ቀዘቀዘ» ማለት ግፍ ነው። እሳቱ በዝቶ ነው።

ለማንኛውም፣ ሕጋችንም እረፍት ያውቃል። ጥንዶች ተስማምተው ፍቺ ሲጠይቁ ፍርድ ቤቱ አነጋግሯቸው ካልሆነ እስከ 3 ወር የማሰቢያ ጊዜ ሊሰጣቸው ይችላል። ጎትማን 20 ደቂቃ፣ ፍርድ ቤት 3 ወር። እኔ በ20ው ብትጀምሩ እላለሁ፤ መጓጓዣም አያስወጣም።

ቻናሉን ገና ያልተቀላቀላችሁ ተቀላቀሉ፤ በእናንተ ቤት ምጣድ በምን እንደሚሟሽም ጻፉልኝ። የሚቀጥለው ቪዲዮ ስለ አማት ነው። አማቴ የቻናሉ ተከታይ ስለሆኑ ጽሑፉን እስካሁን ሦስት ጊዜ ቀይሬዋለሁ። ቸር ሰንብቱ።